ገንዘቡ ለስቲኩ ወይስ ለጠረጴዛው?

ፑል ቤት የገባ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ስቲኮች አንዱን ያነሳል፣ ጠረጴዛው ላይ ያንከባልለዋል፣ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ስቲኩ እየነጠረ ከተንከባለለ ጠማማ ነውና ይመልሰዋል። አራት አምስቱን ሞክሮ የተሻለውን ሲመርጥ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ተጨፍልቃ፣ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ወደ ጎን ተርፋ ያገኛታል። ሌላ ምርጫ የለምና በዚያው ይጫወታል።

እኔ በምጫወትበት የሰፈር ፑል ቤት ግን ከግድግዳው ጋር ጉዳይ የሌላቸው ልጆች እየበዙ መጥተዋል። ረጅም ጥቁር ቦርሳ አንግተው ይገባሉ፣ ለሁለት የተከፈለውን ስቲክ አውጥተው ጠምዝዘው ይገጥሙታል፣ ጓንት ያጠልቃሉ። ዕቃውን ያመጣላቸው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ ነው። ከፊሉ እንጨት ነው። ከፊሉ ደግሞ ፊተኛው ግማሹ ጥቁርና ልሙጥ፣ ከካርበን ፋይበር የተሠራ ነው። ይህ ጥቁር ዘንግ ባለፉት አሥር ዓመታት በዓለም የፑል ገበያ ከታዩት ለውጦች ትልቁ ይመስለኛል። የአሜሪካው ፕሬዴተር ኩባንያ ሬቮ ብሎ የሰየመውን የካርበን ዘንግ በ2016 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ወደ 500 ዶላር ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያውም የፊተኛው ግማሽ ብቻ፤ የኋላው እጀታ ለብቻው ይገዛል። በዛሬ ምንዛሪ ከ50,000 ብር በላይ ማለት ነው። ሌሎቹ ታዋቂ አምራቾችም ተከትለዋል፤ ትልልቅ ውድድሮችን የሚከታተል ሰው ዛሬ ጥቁሩን ዘንግ ደጋግሞ ያያል።

ልጆቹ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ብገዛ ጨዋታዬ ይሻሻላል ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የአንድ ወጣት የብዙ ወር ገቢ ነው የሚጠየቅበት።

በመጀመሪያ “ዕቃ ጨዋታ አያሻሽልም፣ ዋናው እጅ ነው” የሚለውን አባባል ልተወው። ታላላቆቻችን ደጋግመው ይሉታል፤ የጨዋታው ታሪክ ግን አይደግፈውም። ፑልም ሆነ ከረንቡላ ዛሬ የያዙትን መልክ ያገኙት በዕቃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የስቲክ ጫፍ ደረቅ እንጨት ነበር። ኳሱን ከመሃሉ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ የመታው ሰው ስቲኩ ይንሸራተትበታል። ፍራንሷ ሜንጎ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ጫፉ ላይ ቆዳ ለጠፈበት፤ እስር ቤት ሳለ ያፈለቀው ሐሳብ ነው እየተባለ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ነጩን ኳስ ከታች መትቶ ወደ ኋላ መመለስ፣ ከጎን መትቶ ጠርዝ ሲነካ አቅጣጫውን ማስቀየር ተቻለ። ሜንጎ እነዚህን ምቶች የሚያስተምር መጽሐፍ በ1827 አሳትሟል። የእንጨት ጫፍ በያዘ ሰው እጅ ያ መጽሐፍ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ስቲኩ ጫፍ ላይ የምንቀባው ጠመኔም እንዲሁ ነው። ጠመኔ እንለዋለን እንጂ ከትምህርት ቤቱ ጠመኔ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ዊልያም ስፒንክስ የተባለ የቢሊያርድ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ የቺካጎ ኬሚስት በ1897 የፈጠራ መብት ያወጡበት፣ ቆዳውን ኳሱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ እንዲይዝ ከደቃቅ ጠንካራ ማዕድናት የተቀመመ ነገር ነው። ጠረጴዛውን ደግሞ የለንደኑ ጆን ተርስተን ለወጠው። በ1826 የጠረጴዛውን ወለል ከእንጨት ወደ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሻገረው፤ በ1835 ጠርዙን ላስቲክ አለበሰው። የመጀመሪያው ላስቲክ ብርድ ሲመታው ይደርቅ ነበርና ጠርዙ እስኪሞቅ መጠበቅ ግድ ነበር። ላስቲክን በድኝና በሙቀት ማብሰል ሲታወቅ ያ ችግር ተወገደ። ኳሱ የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ውድ፣ ከአየሩ እርጥበት ጋር ቅርፁ የሚለዋወጥ፣ ብዙ ዝሆን የሚያስገድል። ፌላንና ኮሌንደር የተባለው የኒው ዮርክ የጠረጴዛ አምራች ምትክ ለሚያመጣ ሰው 10,000 ዶላር እሸልማለሁ ብሎ ነበር፤ ጆን ዌስሊ ሃያት ወደ ሴሉሎይድ ያመራው በዚህ ፍለጋ ነው። ዛሬ አራሚት በሚል ስም በዓለም የሚታወቀውን ኳስ ሳሉክ የተባለ የቤልጂየም ፋብሪካ ፊኖሊክ ከሚባል ጠንካራ ሙጫ ይሠራዋል።

ይህን ታሪክ ደግሞ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የድንጋይ ወለሉ፣ ላስቲኩ፣ ኳሱ፣ ጠመኔው የማንም የግል ዕቃ አይደሉም፤ ሁለቱም ተጋጣሚዎች እኩል የሚጠቀሙባቸው የቤቱ ዕቃዎች ናቸው። ከስቲኩ በኩል የመጣው ትልቁ ለውጥ ቆዳው ነው፤ እሱም ከስቲኩ ሁሉ ርካሹ ክፍል ነው። የዛሬው ሻጭ ግን በውዱ በኩል ነው የሚመጣብን።

የካርበኑ ዘንግ የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት ነጩ ኳስ ላይ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ነጩን ኳስ ከመሃሉ በስተቀኝ የመታ ሰው ኳሱ ካነጣጠረበት መስመር ትንሽ ወደ ግራ ያፈነግጥበታል። ምክንያቱ የስቲኩ ጫፍ አካባቢ ያለው ክብደት ነው። ስቲኩና ኳሱ የሚነካኩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኳሱ መሽከርከር ሲጀምር የስቲኩን ጫፍ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ጫፉም ኳሱን ወደ ተቃራኒው ጎን ይመልሰዋል። ጫፉ ከባድ ሲሆን ኳሱ ብዙ ያፈነግጣል፣ ቀላል ሲሆን ጥቂት። የካርበኑ ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ ጫፉ አካባቢ ያለውን ክብደት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፕሬዴተር ከእንጨት ይሠራው የነበረው 314 የተባለ ዘንግም በ1990ዎቹ ስሙን ያተረፈው በዚሁ ሐሳብ ነው። ማፈንገጡ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩን ነገር አለ። አዲሱ ዘንግ የበለጠ ሽክርክሪት አይሰጥም። የሽክርክሪቱን መጠን የሚወስነው ኳሱን ከመሃሉ ምን ያህል አርቆ፣ በምን ፍጥነት እንደመቱት ነው። ከኳሱ መሃል እስከ ዳሩ ካለው ርቀት ግማሽ ገደማ ካለፉ ደግሞ የትኛውም ስቲክ ይንሸራተታል። ኳሱን መሃሉ ላይ ለሚመታ ሰውማ የ500 ዶላሩም የግድግዳውም ስቲክ፣ ቀጥ ያለና ጥሩ ቆዳ ያለው እስከሆነ ድረስ፣ አንድ ናቸው።

ከዚህ የሚብስም አለ። እጁ ገና ያልጸና ሰው መሃሉን ለመምታት አስቦ የኋላ እጁ ወደ ግራ ቢሄድበት፣ የፊቱ እጁ እንደ ማጠፊያ ሆኖ የስቲኩ ጫፍ ወደ ቀኝ ይዞራል። ስቲኩ ወደ ቀኝ ያመለክታል፣ ኳሱ ግን በቀኝ ጎኑ ስለተመታ ወደ ግራ ያፈነግጣል። ሁለቱ ስህተቶች በከፊል ይጣፋሉ። የተለመደው የእንጨት ዘንግ ሳናውቀው ይህን ውለታ ይውልልናል፤ እምብዛም የማያፈነግጠው ዘንግ ግን ወደ ቀኝ ባመለከተበት ወደ ቀኝ ይልከዋል። ለጀማሪ ልጅ ውዱ ዘንግ ከርካሹ የባሰ ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ አለ ማለት ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አብሮኝ ከአሥር ዓመት በላይ ለተጫወተ ጓደኛዬ፣ ዋሽንግተን የሚኖር የአክስቱ ልጅ ጥቁሩን ዘንግ አመጣለት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጎን የሚመታቸውን ኳሶች በሙሉ ሳተ። እጁ አልከዳውም፤ ለአሥር ዓመት ሳያስበው የተማረው ማካካሻ ነው ያሳተው። ጠማማ በር የለመደ ሰው አዲስ በር ሲገጠምለት ገፍቶ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ለማይመጣ ማፈንገጥ እየተዘጋጀ ነበር የሚያነጣጥረው። በሦስተኛው ወር ግድም ተስተካከለ። ሩቅ ሆነው ከጎን የሚመቱ ኳሶችን ከድሮው በተሻለ ያገባ ጀመር፤ ይህን መካድ አልችልም። የሚያሸንፋቸው ሰዎች ግን ድሮም የሚያሸንፋቸው ነበሩ፤ የሚያሸንፉትም እንዲሁ።

ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። የፑል ኳስ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውድድር ጠረጴዛ የማዕዘኑ ቀዳዳ አፍ ደግሞ የኳሱን ሁለት እጥፍ ያህላል። የምትፈልገው ኳስ ከቀዳዳው 1 ሜትር ከ20፣ ነጩ ኳስ ከእሱ በስተኋላ 1 ሜትር ርቆ፣ ሦስቱም በአንድ መስመር ቢሆኑ እንኳን ነጩ ኳስ ከትክክለኛው ቦታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ማለፍ የለበትም። ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያነሰ ስህተት ነው የሚፈቀድልህ። ያን የሚጠብቀው የእግር አቋቋም፣ የዓይን አሰላለፍና የክንድ መስመር ነው። እነዚህን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ታላላቆቹ ተጫዋቾች የተዉልን ምስክርነትም ወደዚያው ያመለክታል። ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ያደገው ማኒላ በሚገኝ የአጎቱ ፑል ቤት ውስጥ ነው፤ ቁመቱ ስለማይደርስ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ፣ ሌሊቱን ጠረጴዛው ላይ እየተኛ። በ1985 ሂዩስተን ላይ ሴሳር ሞራሌስ በሚል ስም ገብቶ አሜሪካውያኑን አሸነፈ፤ በ1994 የዩኤስ ኦፕን የናይን ቦል ዋንጫን የወሰደ የመጀመሪያው የውጭ ተወላጅ ሆነ፤ በ1999 ካርዲፍ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሬቮ ለገበያ ከመቅረቡ ቢያንስ 17 ዓመት በፊት ነው። የስኑከሩ ስቲቨን ሄንድሪ ደግሞ ሰባቱንም የዓለም ዋንጫዎች ያገኘው በልጅነቱ በ40 ፓውንድ በተገዛለት አንድ ስቲክ ነው። በ2003 ስቲኩ በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የዓለም ዋንጫ አላገኘም። ሰባተኛውን የወሰደው በ1999 ስለነበረ ጥፋቱን ሁሉ በስቲኩ ላይ መጫን አይገባም፤ ዕድሜም ነበር፣ ተፎካካሪም ነበር። ግን ሌላ ማንኛውንም ስቲክ ሊገዛ የሚችል ሰው የ40 ፓውንዱን ለሃያ ዓመት ያህል ያልለወጠው ለምን ነበር? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። እጁ የሚያውቀው እሱን ነበር። ለተጫዋች የስቲክ ትልቁ ጥቅም ያው መሆኑ ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ክብደት፣ ያው ውፍረት፣ ያው ቆዳ። ይህን ጥቅም ማንኛውም ቀጥ ያለ ስቲክ ይሰጣል።

አንባቢ የሩጫውን ጫማ ሊያነሳብኝ ይችላል፤ ማንሳቱም ተገቢ ነው። ትግስት አሰፋ መስከረም 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ እግሯ ላይ የነበረው 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ የአዲዳስ ጫማ ነበር። የነበረውን ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሻሽላለች። ጫማው እንደረዳት ማንም አይክድም፤ የዓለም አትሌቲክስም የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር የገደበው ዕቃው ውጤት እንደሚለውጥ ስላወቀ ነው። ታዲያ የ500 ዶላር ጫማ የሚሠራውን የ500 ዶላር ስቲክ ለምን አይሠራም? ሩጫ የጉልበት ጉዳይ ነው። ጫማው በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ጉልበት ይመልሳል፤ ያ ትንሽ በአሥር ሺዎች እርምጃ ይባዛል። ፑል ላይ ግን የሚያልቅ ጉልበት የለም። የሚጎድለው መስመር ነው፤ መስመርን ደግሞ ስቲክ አያጠራቅምም፣ አይመልስም።

ለካርበኑ ፍትሐዊ ልሁን። እንጨት ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ላይ ይደርቃል፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲከርም ይጎብጣል። ካርበን አይጎብጥም፤ ጠረጴዛ ዳር ቢመታም በቀላሉ አይሰረጉድም። ለውድድር የሚጓዝ፣ ከጎን መምታት የዕለት ሥራው የሆነ ተጫዋች ቢገዛው ገንዘቡን አላባከነም። ኳስ በኳስ ላይ ለማዝለል የሚሠራው አጭሩ ስቲክም በረጅሙ እጅግ የሚከብደውን ምት ቀላል ያደርጋል፤ ያ እውነተኛ ጥቅም ነው። የእኔ ክርክር ከዕቃ ጋር ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው።

በሰፈራችን የጨዋታውን ደረጃ ሲቀይር ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ማንም በቦርሳ ይዞት የመጣ አይደለም። ባለቤቱ ቤቱን ለጥቂት ቀናት ዘግቶ የጠረጴዛውን ጨርቅ ለወጠ።

ከዚያ በፊት የነበረው ጨርቅ መሃሉ ላይ የተጣፈ፣ ነጩ ኳስ የሚመታበት ቦታ ላይ ተበልቶ የሳሳ፣ አመድና ጠመኔ የጠጣ ነበር። ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተሽጎ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ቀስ ብሎ የተመታ ኳስ ሁሉ መጨረሻው ላይ ወደ መንገዱ በኩል ይታጠፍ ነበር። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ የሚያድግ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ በኃይል መምታት። ጨርቁ ስለሚጎትተው በኃይል ይመታል፤ ተዳፋቱ ኳሱን ሳያጣምምበት እንዲደርስ በኃይል ይመታል። በኃይል ሲመታ ክንዱ መስመሩን ይለቃል፣ ቀዳዳው ኳሱን ይመልስበታል፣ ነጩም ኳስ የት እንደሚቆም አይታወቅም። ልጆቻችን ኳስ ማግባት ችለው ነጩን ለሚቀጥለው ምት ማስቀመጥ የሚያቅታቸው ተሰጥኦ ጎድሏቸው አይመስለኝም። ጠረጴዛው አላስተማራቸውም።

ኳሶቹም የራሳቸው ጥፋት ነበራቸው። ሁለት ኳሶች ሲጋጩ ፍትጊያው የተመታውን ኳስ ከትክክለኛው መስመር ትንሽ ይጎትተዋል። የቆሸሸና የተቧጨረ ኳስ ፍትጊያው ይበዛል፤ ንጹሑ ይቀንሳል። አንዱ የታጠበ፣ ሌላው እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ያው ማነጣጠር ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ባለ ጥቁር ዘንጉ ተጫዋች ስቲኩ ያስቀረለትን ስህተት ኳሱ ይመልስበታል፤ የከፈለበትን ጥራት ጠረጴዛው ይበላበታል።

ባለቤቱ ጨርቁን ሲለውጥ ድንጋዩን በውኃ ልክ አስተካከለ፣ ኳሶቹን ለወጠ፣ የግድግዳውን ስቲኮች ቆዳ አዲስ አስለጠፈ። እንደነገረኝ ከሆነ ወጪው ጓደኛዬ ለዘንጉ ካወጣው አይበልጥም። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም ሰው አማረረ። ኳሱ አይቆምም፣ ነጩ ራሱ ቀዳዳ እየገባ ያስቀጣል። ከዚያ እጆች መላላት ጀመሩ። ከሁለት ወር በኋላ ስማቸውን የማላውቃቸው የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች፣ በግድግዳው ስቲክ፣ ነጩን ኳስ ከታች መትተው ሁለት ስንዝር መልሰው ሲያቆሙ አየሁ። ማንም አላሠለጠናቸውም። ያደረጉት ነገር ድሮም እጃቸው ውስጥ ነበር፤ ጠረጴዛው ያደረጉትን መልሶ ስላሳያቸው ተማሩት። አንድ ሰው የገዛው ስቲክ የረዳው አንድ ሰውን ነው። አንድ ጨርቅ በየቀኑ አርባ ሃምሳ ሰው አሻሻለ።

ስለዚህ ስቲክ ልግዛ ወይ የሚለኝን ልጅ አሁን ወደ ጠረጴዛው እወስደዋለሁ። ነጩን ኳስ ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ መሃል ላይ አስቀምጠህ፣ ቀጥ አድርገህ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ምታውና ተመልሶ የስቲክህን ጫፍ እንዲነካ አድርግ እለዋለሁ። ሃያ ጊዜ ሞክር። አሥራ አምስቱን ካልመለስክ መሃሉን የምትመታ እየመሰለህ ጎኑን ነው የምትመታው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ዘንግ አያስተካክልልህም። መግዛት ካማረህ ቀጥ ያለ የእንጨት ስቲክ ግዛ፤ የሚያምር እጀታ አያስፈልገውም። ጥሩ ቆዳ አስለጥፍበት፣ ቆዳው ሲጠፈጠፍ ጎኑን ሞርደህ ጉልላቱን መልስለት፣ የራስህን ጠመኔ ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ እጅህ የሚያልበው ከሆነ ጓንት ጨምር። ከዚያ ለሁለት ዓመት አትለውጠው። ሁለት ዓመት ሞልቶህ፣ ሃያውን ከሃያ እየመለስክ፣ ከጎን የምትመታው ሩቅ ኳስ ብቻ የሚያስቸግርህ ከሆነ ያኔ ስለ ካርበን እንነጋገር።

ለፑል ቤት ባለቤቶች የምለው ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። ኳሶቹን በሳምንት አንዴ በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ጨርቁን በየማታው በብሩሽ ጥረጉ፣ ካርቶኑን አውጥታችሁ ጠረጴዛውን በውኃ ልክ አስተካክሉ። አቅም ካጠረ ለደንበኞቻችሁ ንገሯቸው። እኛ ቤት ጨርቁ ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነጩ ኳስ የሚመታበት ቦታ እንደገና መሳሳት ጀምሯል። አሥራ አንድ ሆነን መዋጮ ጀምረናል፤ ጥቁሩን ዘንግ ያስመጣው ጓደኛዬ የመጀመሪያው ከፋይ ነው።